የስቴንለስ ቢላ ማጠንከር፦ ከፈርነሱ እስከ ሮክዌሉ

«ስቴንለሱን ቀይ ፍም እስኪመስል አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሞረድ ግን አሁንም ዝም ብሎ ይበላዋል። የት ጋ ተሳሳትኩ?»

ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ጀማሪዎች አይደሉም። ከመኪና ባሌስትራ ቢላና መጥረቢያ ሲሠሩ የኖሩ፣ እጃቸው እሳት የለመደ ሰዎች ናቸው። ባሌስትራ በከሰል ይጋላል፣ ማግኔት አልይዘው ሲል ይነከራል፣ በቃ ይጠነክራል። ያንኑ ስቴንለስ ላይ ሲሞክሩት ግን እምቢ ይላቸዋል። ጥፋቱ የእጃቸው አይደለም። ስቴንለስ የሚፈልገው ሙቀት ሌላ ነው፣ የሚፈልገው ጊዜም ሌላ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ በዓይን አይለኩም።

ስለዚህ አንዴ ከነምክንያቱ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ። ምሳሌ የማደርገው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የወጥ ቤት ቢላ ነው። ብረቱ 420 ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ካርቦኑ 0.45 በመቶ ገደማ ሲሆን የአውሮፓ ቁጥሩ 1.4034 ነው። የሌሎቹን ብረቶች ቁጥር ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ሙቀቱ ሁሉ በሴንቲግሬድ ነው።

መጀመሪያ ብረቱን ለዩ

ስቴንለስ ሁሉ አይጠነክርም። ሲንክና ድስት የሚሠራበት 304፣ እንዲሁም 316፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብታግሉትና ብትነክሩት አይጠነክርም። እንዲያውም የበለጠ ይለሰልሳል። 430 የሚባለውም እንደዚሁ ነው። በእሳት የሚጠነክሩት ማርቴንሲቲክ የሚባሉት ናቸው፤ 410፣ 420፣ 431 እና የ440 ቤተሰብ።

ማግኔት ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። ማግኔት የማይዘው ከሆነ ተዉት፣ ቢላ አይሆንም። ከያዘው ግን ገና ምንም አላረጋገጣችሁም፤ ምክንያቱም 430ንም ማግኔት ይይዘዋል። ከምናለሽ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ ቁጥሩን የማታውቁት ቁራጭ ከገዛችሁ፣ ቢላውን ከመቅረጻችሁ በፊት 3 ሴንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ከታች ያሉትን እርምጃዎች እስከ ሞረድ ፈተናው ድረስ አሳልፏት። ሞረድ ካንሸራተተች ብረቱ ይሆናል። ካልሆነች ሁለት ቀን ሙሉ ከመልፋት ዳናችሁ።

ለምን ቀይ መሆኑ አይበቃም?

ይህን ካልተረዳችሁ እርምጃዎቹ ትርጉም አይሰጧችሁም። ብረትን የሚያጠነክረው ካርቦን ነው። ስቴንለስ ውስጥ ግን ካርቦኑ ነፃ አይደለም። ከክሮሚየም ጋር ተጣብቆ ካርባይድ የሚባል ጥቃቅን ፍሬ ሆኖ ተቀምጧል። በቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ የተጨመረ ስኳርን አስቡት፤ አለ፣ ግን ከታች ተኝቷል፣ ሻዩ አይጣፍጥም።

800 ዲግሪ አካባቢ ብረቱ ቀይ ነው፣ ማግኔትም አይዘውም። ካርባይዱ ግን እንዳለ ነው፣ አልሟሟም። ያን ጊዜ ብትነክሩት የሚጠነክርበት ካርቦን የለውም። የሚሟሟው ከ1000 በላይ ስትሄዱና እዚያው ስታቆዩት ነው። ከሟሟ በኋላ ቶሎ ስታቀዘቅዙት ካርቦኑ መውጫ ያጣል፤ ብረቱ ማርቴንሳይት የሚባለውን ጠንካራ መዋቅር ይይዛል። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

ታዲያ «በደንብ ልጨምርለት» ብላችሁ 1120 ብታደርሱትስ? ይብሳል። የብረቱ ቅንጣት ያድግና ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሟሟው ካርቦን ሲበዛ ሲቀዘቅዝ ያልተለወጠ ለስላሳ ክፍል ይቀራል። ማለት ሙቀት አንሶም ለስላሳ፣ ሙቀት በዝቶም ለስላሳ።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ካርባይዱ ሲሟሟ ክሮሚየሙም ነፃ ይወጣል። ዝገት የሚከላከለው ያ ነፃ ክሮሚየም ነው። በትክክል የጠነከረ 420 ካልጠነከረው 420 የተሻለ ዝገት ይቋቋማል። «ስቴንለስ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ዛገብኝ» የሚሉ ሰዎች ቢላ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 1100 ዲግሪ የሚደርስ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ኤሌክትሪክ ፈርነስ (ማጋያ ምድጃ)። ከሰልና ወናፍ ሙቀቱን ቢያደርሱት እንኳ በአንድ ቁጥር ላይ 10 ደቂቃ አያቆዩትም።
- ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ከፍተኛ ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ከነማሳያው፤ የፈርነሱ ራሱ ካለው ሌላ ሁለተኛ ቢኖር በጣም ጥሩ።
- ስቴንለስ ፎይል፣ ለሂት ትሪትመንት (ብረትን በሙቀት ለማጠንከር) የሚሸጠው። የወጥ ቤቱን የአሉሚኒየም ፎይል እንዳትጠቀሙ፤ አሉሚኒየም 660 ላይ ይቀልጣል።
- ከቢላው የሰፉ፣ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት የአሉሚኒየም ጠፍጣፋዎች፣ እና እነሱን የሚያጣብቅ ሞርሳ።
- ረጅም ጉጠት።
- ለወፍራም ሥራ ዘይት፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ።
- የወጥ ቤት ኦቨንና ለብቻው የሚቀመጥ ቴርሞሜትር።
- አዲስ ሞረድ። ያረጀ ሞረድ በሁሉም ላይ ስለሚንሸራተት ይዋሻል።
- የቆዳ ጓንት፣ የቆዳ ሽርጥ፣ መነጽር፣ የተዘጋ ጫማ። ናይለን ያለበት ልብስ አትልበሱ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

እርምጃዎቹ

1. ቴርሞካፕሉን ፈትሹ። የሁሉም ነገር መሠረት ይህ ነው፤ ፈርነሱ 1040 ብሎ እውነቱ 980 ከሆነ የቀረው ልፋት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ቴርሞካፕሉን የተፈጨ በረዶና ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ 0 ማሳየት አለበት። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ 100 ላይ አይፈላም። ከፍታው ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር ስለሚበልጥ 92 አካባቢ ይፈላል። 92 አይቶ «ተበላሽቷል» ብሎ 8 ዲግሪ ጨምሮ ያስተካከለ ሰው አውቃለሁ፤ ደህናውን መሣሪያ አበላሸው።

ለላይኛው ሙቀት ደግሞ የመዳብ ሽቦ ይረዳል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲኩን ልጣችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር መዳብ በሸክላ ስባሪ ላይ አድርጉና ፈርነሱን 1040 ላይ አቆዩት። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው 1085 ላይ ነው። ማሳያው 1040 እያለ መዳቡ ድብልብል ብሎ ከቀለጠ፣ ፈርነሳችሁ ከሚለው በላይ እየጋለ ነው።

2. ቅርጹን ጨርሱ፣ ስለቱን ግን አትጨርሱ። ቀዳዳዎቹን ሁሉ አሁን ብሱ፤ በኋላ ተራ መሰርሰሪያ አይገባም። የስለቱ ጠርዝ ላይ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተዉ። ቀጭን ጠርዝ ቀድሞ ይግላል፣ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጣመማል። የግራይንደር ጭረቶችን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አጥፉ፣ በተለይ ወደ ጎን የሄዱትን። የውስጥ ማዕዘኖችን አክቡ። ስንጥቅ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከጥልቅ ጭረት ወይም ከሹል ማዕዘን ነው።

3. እጠቡና በፎይል ጠቅልሉ። በሳሙና፣ ከዚያ በአልኮል። የጣት አሻራ እንኳ ዘይት ነው። ፎይሉን እንደ ፖስታ አጥፋችሁ እያንዳንዱን ጠርዝ ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ አየር መግቢያ እንዳይኖረው። ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወረቀት ክተቱ፤ ተቃጥላ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ትበላለች። ይህ ሁሉ ለምን? በ1040 ዲግሪ አየር ከብረቱ ቆዳ ላይ ካርቦኑን ይሰርቃል። ውስጡ ጠንክሮ ላዩ ለስላሳ ይሆናል፣ ጥቁር ቅርፊትም ያበጃል። የፎይሉ ጠርዝ ምላጭ ነው፣ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት።

4. 780 ላይ 10 ደቂቃ አቆዩት። ስቴንለስ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከተራ ብረት በግማሽ ያህል ፍጥነት ነው። በቀጥታ 1040 ውስጥ ብትወረውሩት ላዩ ሲግል ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ልዩነት ያጣምመዋል።

5. ወደ 1040 ከፍ አድርጉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ማሳያው 1040 ካለበት ሳይሆን ጥቅሉ ራሱ የፈርነሱን ግድግዳ ቀለም ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በበሩ ቀዳዳ አጮልቁ፤ መጀመሪያ ጥቅሉ ከግድግዳው ጠቆር ብሎ ይታያል። ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ግድግዳውና ጥቅሉ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ቢጫ ይሆናሉ። ሰዓታችሁን ያን ጊዜ ጀምሩ። ለ3 ሚሊ ሜትር ከ15 ደቂቃ በላይ አታሳልፉት።

6. ከፈርነስ አውጥታችሁ በአሉሚኒየሞቹ መሃል አጣብቁት። ከበሩ እስከ ጠፍጣፋው ያለው መንገድ ከሦስት አራት ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ሞርሳው ተከፍቶ፣ ጠፍጣፋዎቹ ተደርድረው ይጠብቋችሁ። ባዶ ጥቅል ይዛችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመዱት፤ እውነት ሲሆን እጅ ይንቀጠቀጣል። ፎይሉን አትቅደዱ፣ እንዳለ አስገቡትና አጥብቁ። ኮምፕሬሰር ካላችሁ በጎን በኩል አየር ንፉበት። ክሮሚየሙ ብዙ ስለሆነ ይህ ብረት ውሃ አያስፈልገውም፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጠፍጣፋዎቹ ይበቁታል። ውሃ ግን ይሰነጥቀዋል።

ሥራችሁ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ወይም ክብ ዘንግ ከሆነ ጠፍጣፋ አይሠራም። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ የሞቀ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት፣ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት፣ ወደ ጎን አታወዛውዙት። በዚህ ጊዜ ፎይል ስለማይመች ቶርኖ ላይ ስታዘጋጁት በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉለት፤ የተበላሸው ቆዳ በኋላ ይነሳል።

7. መጣመሙን ቶሎ እዩ። እጅ የማይችለው ትኩሳት ላይ እያለ፣ ማለትም ከ100 ዲግሪ በላይ ሳለ፣ አውጥታችሁ በብርሃን ተመልከቱት። ከተጣመመ በጓንት እጅ ቀስ ብላችሁ አቅኑና ወደ ጠፍጣፋዎቹ መልሱት። ያን ጊዜ ገና ሙሉ በሙሉ ስላልተለወጠ እሺ ይላል። ከቀዘቀዘ በኋላ መዶሻ ብታሳዩት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

8. በሞረድ ፈትኑ። ለእጅ ለብ ሲል ፎይሉን ቀዳችሁ አውጡት። በደንብ ከተጠቀለለ ግራጫ ወይም ስስ ወርቃማ ቀለም ነው የሚኖረው። እጀታ በሚሸፈነው በኩል በአዲሱ ሞረድ ጠርዙን ግፉ። የጠነከረ ከሆነ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ብርጭቆ ላይ እንደሚሄድ ስል ያለ ነው። ያልጠነከረ ከሆነ ይነክሳል፣ እጃችሁ ላይ ያዝ ያደርጋል፣ ብናኝ ይወጣዋል። ከነከሰ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ፎይሉ ቀዳዳ ኖሮት ቆዳው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ፍቃችሁ እንደገና ሞክሩ።

9. በአንድ ሰዓት ውስጥ ቴምፐር አድርጉት፣ ማለትም ዝቅ ባለ ሙቀት መልሳችሁ አሙቁት። ለእጅ ለብ ካለበት ሰዓት ጀምሮ ማለቴ ነው። ኦቨኑ አስቀድሞ 190 ላይ ሞቆ ይጠብቅ። ሁለት ሰዓት አቆዩት፣ አውጥታችሁ በአየር ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ሰዓት።

ስለዚህ እርምጃ አጥብቄ የምናገረው በራሴ ደርሶ ነው። ለአንድ ሉካንዳ ቤት ስድስት ቢላ አዘዙኝ። ማታ ስድስቱንም ነክሬ፣ ደክሞኝ «ጠዋት ቴምፐር አደርጋቸዋለሁ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ተኛሁ። ጠዋት አንዱ ከቀዳዳው እስከ ጀርባው ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። ማንም አልነካውም፤ ብቻውን ነው የተሰነጠቀው። ገና የተነከረ ብረት ውስጡ በከባድ ውጥረት ተይዟል። ቴምፐር ያንን ያላላዋል፤ ከጥንካሬው ጥቂት ወስዶ እንዳይሰበር ያደርገዋል። ሁለተኛው ዙር ደግሞ በመጀመሪያው ማቀዝቀዝ ወቅት የተለወጠውን ለማላላት ነው።

የኦቨኑን ቁልፍ አትመኑ። 190 ላይ አድርጋችሁት 160 እና 220 መሃል ሲወዛወዝ ሊውል ይችላል። ቴርሞሜትሩን ውስጥ አስቀምጡ። ቢላውን ደረቅ አሸዋ በሞላ ትሪ ውስጥ ብትቀብሩት መወዛወዙ ይቀንሳል።

በቀለምም አትመሩ። ባሌስትራ ላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ስታዩ 220 አካባቢ እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ስቴንለስ ያንን ቀለም የሚያሳየው በጣም ዘግይቶ ነው። ቢጫውን እስክታዩ ከጠበቃችሁ ከምትፈልጉት ሙቀት ብዙ አልፋችኋል።

10. ሃርድነሱን፣ ማለትም ምን ያህል እንደጠነከረ፣ ለኩ። ይህን ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በስህተት የተለካ ቁጥር ካልተለካ ይብሳል።

ሮክዌል ሲ የሚባለው የሃርድነስ መለኪያ የሚሠራው እንዲህ ነው። 120 ዲግሪ ጫፍ ያለው የአልማዝ ሾጣጣ መጀመሪያ በ10 ኪሎ ይጫናል፣ ከዚያ እስከ 150 ኪሎ ይጨመርና ተመልሶ ወደ 10 ይወርዳል። በመሃል ሾጣጣው ምን ያህል ጠልቆ እንደቀረ ይለካል። አንድ ነጥብ ማለት 0.002 ሚሊ ሜትር ነው። 56 የሚል ቢላ ላይ ሾጣጣው የገባው ከ100 ላይ 56 ሲቀነስ 44፣ በ0.002 ሲባዛ 0.088 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከፀጉር ውፍረት ብዙ አይርቅም። ከቢላው ሥር የገባች አንዲት የብረት ብናኝ ይህን ቁጥር ታፈርሰዋለች ማለት ነው።

ስለዚህ፦

- የምትለኩት ቦታ ጠፍጣፋ ይሁን። በስለቱ ተዳፋት ላይ አትለኩ። እኔ የምለካው እጀታ በሚሸፍነው ጭራ ላይ ነው፤ ጉድጓዱም አይታይም።
- ቆዳውን በ400 ቁጥር ወረቀት ፍቁ፣ ሁለቱንም ጎን። የላዩ ካርቦን ከተሰረቀ የምትለኩት እሱን ነው።
- ውፍረቱ ሾጣጣው ከሚገባበት ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ለ56 ያ 0.88 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ያለሐሳብ ይለካል።
- በመጀመሪያ የመሣሪያውን የመፈተሻ ብሎክ ለኩ። ብሎኩ 60 ተብሎ ተጽፎበት መሣሪያው 57 ካለ ችግሩ ቢላው አይደለም።
- ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው፣ ከጠርዝም፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ራቁ። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ብረት ስለተጨመቀ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ጠርዝ ላይ ደግሞ ብረቱ ወደ ጎን ስለሚሸሽ ዝቅ ይላል።
- የመጀመሪያውን ንባብ ጣሉት። ሾጣጣውና መቀመጫው ገና እየተደላደሉ ነው። ቀጣዮቹን ሦስት አማካይ ውሰዱ።

ለዚህ ብረትና ለ190 ዲግሪ ቴምፐር ከ53 እስከ 56 ማግኘት አለባችሁ። መሣሪያው ከሌላችሁ ሜካኒካል ምሕንድስና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችና ቴክኒክ ኮሌጆች ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ ጠይቁ። ያ ካልሆነ ከ40 እስከ 65 በየአምስት ነጥቡ የተሠሩ የሃርድነስ ሞረዶች አሉ፤ የትኛው እንደነከሰና የትኛው እንደተንሸራተተ አይታችሁ መሃሉን ትገምታላችሁ።

11. ስለቱን አውጡ። ውሃ አጠገባችሁ ይሁን፣ በባዶ እጅ ያዙት፣ ጣታችሁን ባቃጠለ ቁጥር ንከሩት። እዚህ ጋ ጓንት ጠላት ነው፤ ሙቀቱን አይነግራችሁም። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ካያችሁ ያ ቦታ ለስልሷል፣ እዚያ ድረስ ፈጭታችሁ ከማንሳት በቀር መላ የለውም።

12. ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ አንሱና በሲትሪክ አሲድ እጠቡ። በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል፣ ለብ ባለ ውሃ፣ 20 ደቂቃ። ከዚያ በብዙ ውሃ ማለቅለቅና ወዲያው ማድረቅ። ላዩ ላይ የቀረውን ነፃ የብረት ብናኝ ያነሳል፤ ዝገት ከሚጀምርባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ቅርፊት ባለበት ላይ ግን አሲድ ብታፈሱ ጥቅም የለውም፣ መፋቁ ይቅደም።

መብራት ቢጠፋስ?

ይህ እዚህ አገር ለሚሠራ ሰው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። 1040 ላይ ሊደርስ ሲል መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፣ «ይበቃዋል» ብላችሁም አትንከሩ። እዚያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። ምንም አልጎደለባችሁም፤ መብራት ሲመጣ ፎይሉን አይታችሁ ከ780 ትጀምራላችሁ። ሁለተኛው ቴምፐር መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ ግድ የለም፣ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ።

የሚያስጨንቀው ከነከራችሁ በኋላና ከመጀመሪያው ቴምፐር በፊት ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ የጋዝ ኦቨን ፈልጉ። ካጣችሁ ቢላውን በጋዝ ወይም በከሰል ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ቴምፐር አይደለም፣ ግን ውጥረቱን ጥቂት ያላላዋል፣ እስከዚያው የመሰንጠቅ ዕድሉን ይቀንሳል። ለዚህ ነው እኔ መንከርን ጠዋት የማደርገው።

ማስጠንቀቂያ

ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ የዕቃውን ክዳን እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ቢቀጣጠል ክደኑት። ውሃ አታፍሱበት፤ ውሃው ከሥር ፈልቶ የሚነደውን ዘይት ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትን ተዉት፣ ጭሱ መርዛማ ነው፣ ውስጡ ውሃ ቢኖረው ደግሞ ይፈነዳባችኋል። የምግብ ዘይት ይሻላል።

ፈርነሱን ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት አጥፉት። ረጅም የብረት ጉጠት የፈርነሱን ጠምዛዛ ሽቦ ቢነካ ኤሌክትሪክ ይይዛችኋል። ልጆች በሌሉበት ሥሩ፤ ከፈርነስ ከወጣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቀዝቃዛ የሚመስል ብረት ገና 300 ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

ስትፈጩ አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍኑ። የስቴንለስ ብናኝ ውስጥ ክሮሚየም አለ፤ ሳንባ አይወደውም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«አልጠነከረም፣ እንደገና ልንከረው» ብሎ ወዲያው መድገም። የተነከረ ብረት ሳይላላ ድጋሚ በፍጥነት ሲጋል የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል። መጀመሪያ 750 አካባቢ ሁለት ሰዓት አቆይታችሁ ፈርነሱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

«ጠንካራም የማይሰበርም ይሁን» ብሎ ቴምፐሩን 450 ማድረግ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ከ370 እስከ 565 ባለው መሃል እነዚህ ብረቶች የባሰ ተሰባሪ ይሆናሉ። ጥቃቅን የክሮሚየም ካርባይድ እንደገና ስለሚወጣም ዝገት መቋቋማቸው ይወርዳል። ለቢላ ከ150 እስከ 220 መሃል ቆዩ።

አምስት ስድስት ጥቅል አንድ ላይ መደራረብ። መሃል ያለው አይደርሰውም፤ ከዚያ «ከአንድ ላሜራ ነው የቆረጥኳቸው፣ ለምን አንዱ 55 ሌላው 47 ሆነ?» ይመጣል። በመካከላቸው ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ።

ጠፍጣፋዎቹን ሳያቀዘቅዙ ሌላ ቢላ ማስገባት። ሦስተኛው ቢላ ላይ አሉሚኒየሙ ራሱ ይፋጃል። በየመሃሉ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ መልሱት።

የሌሎቹ ብረቶች ቁጥር

410፦ ከ980 እስከ 1010፣ ዘይት። ካርቦኑ ከ0.15 በመቶ ስለማይበልጥ 40 ሮክዌል አካባቢ ነው የሚደርሰው። ለዘንግና ለቡሎን ይሆናል፣ ለቢላ አይሆንም፤ ማንም ቢላችሁ አትሞክሩት።

1.4116፦ ብዙ የጀርመን የወጥ ቤት ቢላ የሚሠራበት ነው። ልክ ከላይ እንዳለው አድርጉት፣ ከ54 እስከ 57 ይሰጣል።

440ሲ፦ ከ1040 እስከ 1060፣ እዚያ ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፤ ካርባይዱ ብዙ ስለሆነ ለመሟሟት ጊዜ ይፈልጋል። ከ150 እስከ 190 ቴምፐር ሲደረግ 58 እስከ 60 ይደርሳል። ይህ ብረት ተራ ክፍል ሙቀት ላይ ለውጡን አይጨርስም፣ ለስላሳ ክፍል ይቀርበታል። ደረቅ በረዶ ካገኛችሁ፣ ማለትም 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነውን፣ እንደነከራችሁ አልኮል ውስጥ ጨምራችሁ ቢላውን አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ቴምፐር። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያሳጣል። በአቅራቢያው እሳት አይኑር፤ አልኮሉ ይነዳል።

አድርጋችሁት እምቢ ካላችሁ ጻፉልኝ። ግን «አልጠነከረም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ምንም ልነግራችሁ አልችልም። የብረቱን ቁጥር፣ ውፍረቱን፣ ስንት ዲግሪ ላይ ስንት ደቂቃ እንዳቆያችሁት፣ በምን እንዳቀዘቀዛችሁት፣ ቴርሞካፕሉ በፈላ ውሃ ስንት እንዳሳየ ጻፉ። ከፎይሉ ሲወጣ የነበረውን ቀለም የሚያሳይ ፎቶም ጨምሩ።